ቤተሰብ ለምትደግፉ ሁሉ፦ ስለ ትራውማ ስልጠና ከደሴና ከኮምቦልቻ ያየሁትን ልንገራችሁ

ይሄን የምፅፈው በየቀበሌው፣ በየድርጅቱ፣ በየቅሬው (የኛ አገር እድር ማለት ነው) ቤተሰብ ለምትደግፉ ሰዎች ነው። ሶሻል ወርከር ሁኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሁኑ፣ በጎ ፈቃደኛ ሁኑ፣ በር ላይ ተቀምጣችሁ ስም የምትመዘግቡም ብትሆኑ ይመለከታችኋል። እኔ ቤቴ ደሴ ነው፣ ስራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ፣ ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ችግር ላይ የወደቁ ቤተሰቦችን በሚደግፍ ፕሮጀክት ውስጥ ነው የምሰራው። በትራውማ ዙሪያ፣ ማለትም ከባድ መከራ ሰው ላይ ስለሚያደርሰው የስነልቦና ጉዳት፣ ሁለት ስልጠና ወስጃለሁ፣ አንዱ ጎድቶኛል አንዱ ደግሞ በስራው እንድቆይ አድርጎኛል። ሁለቱም የስልጠና ወረቀታቸው ላይ የተፃፈው ርዕስ አንድ አይነት ነበር። ለዛ ነው ልዩነቱን በደንብ ልንገራችሁ ያልኩት፣ ምክንያቱም አሁን ስልጠናው በየቦታው ነው፣ የሚጠራችሁ ሰው ግን ምን ውስጥ እንደምትገቡ አይነግራችሁም።

ከሌላ አካባቢ ሆናችሁ ለምታነቡ ትንሽ ላስታውሳችሁ። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የሚሸሸው ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ነበር የሚጎርፈው፣ ትምህርት ቤቶቹ በተፈናቃይ ሞልተው የደሴ ሰው ከቤቱ እንጀራ እየጋገረ እየወሰደ ነበር የሚያበላው። ከዛ ጥቅምት 20 2014 አካባቢ ከተሞቻችን በታጣቂ ተያዙና ተራው የራሳችን ሆነ። ደሴና ኮምቦልቻ ከታጣቂ እጅ የወጡት ህዳር 27 ነው፣ እስከዛ ግማሹ ሰው ሸሽቶ ግማሹ እዛው ቀርቶ ነበር። ስንመለስ ሆስፒታሉም ፋብሪካውም ሱቁም ተዘርፏል፣ በየቤቱ የሆነውን ግን እዚህ አልዘረዝረውም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ድርጅት ሁሉ የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ እኛም የተቀጠርነው ያኔ ነው። እና ማንም ልብ ያላለው ነገር ምንድነው፣ ጠረጴዛው ወዲህ የተቀመጠችው መዝጋቢና ጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠችው ተመዝጋቢ ያለፉት በአንድ መከራ ነው። እኔ ወደ ደብረብርሃን ሸሽቼ ነበር፣ አብራኝ የምትሰራው ልጅ ደግሞ እዚሁ ቀርታ ነበር። የሚነግሩንን ታሪክ በፎርም ላይ ስንፅፍ የራሳችንን እየፃፍን ነበር ማለት ይቻላል። ቀን ቀን ደህና ነኝ፣ ማታ እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ሐረጎን ስንወርድ ከኋላ የከባድ መኪና ጡሩንባ ሲጮህ እጄ በላብ ይርሳል፣ ቤት ስገባ ደግሞ ልጆቼ ትንሽ ካንኳኩ እጮሀለሁ። ድካም ነው እያልኩ ነበር የማልፈው።

የመጀመሪያው ስልጠና የመጣው በዚህ መሀል ነው። የጠራን ድርጅት ስሙ ይቅር። አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ፖወርፖይንት አለ፣ አበል አለ፣ ጠዋቱ ላይ የአንጎል ስዕል እያሳዩን ደህና ሄደ። ከሰአት ላይ ግን አሰልጣኙ መብራቱን አስጠፍቶ አይናችሁን ጨፍኑና በህይወታችሁ ከሁሉ የከፋውን ቀን አስታውሱ አለን፣ ከዛ ደግሞ በወረቀት ሳሉት፣ ከዛ ተራ በተራ እየወጣችሁ አስረዱ። እስቲ አስቡት፣ ይሄ የሆነው ደሴ ውስጥ ነው፣ ታጣቂ ከወጣ ገና አመት ሳይሞላ። አንዷ ባልደረባችን ስዕሏን ይዛ ቆማ መናገር አቃታት፣ እግሯ ሲንቀጠቀጥ እናየዋለን፣ አይዞሽ አውጪው አውጪው ይሏታል፣ ካለቀሰች በኋላ ተጨበጨበላት። በሻይ ሰአት ወጥታ ሄደች፣ በማግስቱም አልመጣችም፣ ሳምንት ሙሉ ስራ አልገባችም። አሰልጣኙ ግን እንኳን ወጣላት ነበር ያለው። እኔም ያን ሰሞን ለሊቱን ቁጭ ብዬ ነበር የማነጋው።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። አደጋ የደረሰበትን ሰው በአንድ ስብሰባ ዝርዝሩን እንዲያወራ መገፋፋት ከስንት አመት በፊት ተጠንቶ ጥቅም እንደሌለው፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር ነው፣ የአለም ጤና ድርጅትም አታድርጉት ይላል። ድርጅቱ በፈረንጆች 2011 ባወጣው የስነልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ላይ የረዳት ስራ ሶስት ነው፣ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ማስለፍለፍ የሚባል እዛ ውስጥ የለም። ሰውየው ራሱ ማውራት ከፈለገ ትሰማዋለህ፣ ካልፈለገ ውሃ ሰጥተኸው አጠገቡ ትቀመጣለህ። ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር ሳይነግሩን አሰልጥነናል ብለው ሰርተፍኬት ሰጡን፣ እኔ እስካሁን የሚቆጨኝ ከኛ ውስጥ ያንን ነገር ተምረው ሄደው እናቶች ላይ የደገሙት ሰዎች መኖራቸው ነው።

ሁለተኛው ስልጠና ሲባል መሄድ አልፈለኩም ነበር። የሄድኩት አለቃችን ራሷ ስለገባች ነው። አሰልጣኟ ጠና ያለች የስነልቦና ባለሙያ ነች፣ ገና ሳትጀምር እንዲህ አለች፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም የራሱን ታሪክ እንዲያወራ አይጠየቅም፣ በሩ ክፍት ነው፣ መውጣት የፈለገ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይውጣ፣ ከሰአት ላይ ከበድ ያለ ነገር ስለምናነሳ ቀድሜ እነግራችኋለሁ። ሌላ ምንም አላደረገችም፣ ግን ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። በኋላ ስናስበው ስልጠናው ያኔውኑ ተጀምሯል፣ ለቤተሰቦች አድርጉ የምትለውን ነገር መጀመሪያ እኛ ላይ ነበር ያደረገችው።

ሌላው ደግሞ ማን ማን እንደተጠራ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሶሻል ወርከር ብቻ አይደለም የነበረው፣ የግቢው ጥበቃ፣ ሾፌሩ፣ የፅዳት ሰራተኛዋ፣ ገንዘብ ያዧ ሁሉም ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ለአበል ብለው ነው ብለን አምተናቸው ነበር። የገባን ቆይቶ ነው፣ አንድ እናት ቢሯችን ስትመጣ ከኔ በፊት የምታገኘው ጥበቃውን ነው፣ ተራ የሚያስጠብቃት እሱ ነው፣ ነገ ነይ ብሎ የሚመልሳትም እሱ ነው።

የኛ ጥበቃ ጋሼ በጣም ደግ ሰው ናቸው። ለብርድ ብለው ግን ከሰልባጅ የገዙትን ዥንጉርጉር የወታደር ጃኬት ነበር የሚለብሱት፣ እጃቸው ላይ ደግሞ ዱላ። ስልጠናው ላይ አሰልጣኟ የቢሯችሁን ደጅ እንደ ባለጉዳይ ሆናችሁ ገብታችሁ እዩት አለችን፣ ከበሩ ጀምራችሁ፣ ምን ይታያል፣ ምን ይሰማል፣ ማን ይጠይቃል። ያኔ ነው ሁላችንም ወደ ጃኬቱ ያየነው። መዝገባችን ውስጥ አንድ አባት አይተባበሩም ተብሎ ተፅፎባቸው ነበር፣ ሁለቴ ተጠርተው በር ላይ ደርሰው ተመልሰዋል፣ ጥጋብ ነው ብለን ፋይላቸውን ልንዘጋ ነበር። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያስታወሱት፣ እኝህ ሰውዬ እኮ እኔን ሲያዩ ነው የሚመለሱት አሉ። ጃኬቱን በማግስቱ ተዉት፣ ዱላውም ከበር ኋላ ሆነ፣ ሰውየውንም ቤታቸው ድረስ ሄደን አገኘናቸው። አሁን እኝህ አባት የልጆቻቸውን ክትትል ራሳቸው ናቸው ይዘው የሚመጡት፣ ጋሼን ሰላም ሳይሉም አያልፉም።

ለኔ ስራው የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። እስከዛ ድረስ ትራውማ ማለት ሰውየው ውስጥ ያለ ቁስል ነው፣ እኛ ደግሞ እሱን የምናክም ሰዎች ነን ብዬ ነበር የማስበው። እኛ አካሚ አይደለንም፣ ማከም የባለሙያ ስራ ነው። የኛ ስራ ሰው እኛ ጋ ሲመጣ እንደገና እንዳይቆስል በሩን፣ ወንበሩን፣ ፎርሙን፣ አነጋገራችንን ማስተካከል ነው። በዚህ ላይ በጣም የሚጠቀሰው ሳምሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግስት መስሪያ ቤት በፈረንጆች 2014 ያወጣው ሰነድ ነው፣ ስድስት መርሆ አለው፦ ደህንነት፣ እምነትና ግልፅነት፣ ተመሳሳይ ነገር ያለፉ ሰዎች እርስ በርስ መደጋገፍ፣ አብሮ መስራት፣ ምርጫና ድምፅ መስጠት፣ የባህልና የፆታ የታሪክም ሁኔታን ማየት። ስድስቱን ብትሸመድዷቸው ምንም አይጠቅሟችሁም፣ ቢሯችሁ ውስጥ ግን አንድ በአንድ ብትፈልጓቸው የጎደለው ወዲያው ነው የሚታያችሁ።

ምርጫ የሚባለውን ልንገራችሁ፣ እኔ ከሁሉም የሚበልጥ የሚመስለኝ እሱ ነው። መከራ ውስጥ ያለፈ ሰው ዋናው ነገር ምንም መምረጥ አለመቻሉ ነው፣ ተነስ ሲሉት ተነሳ፣ ስጥ ሲሉት ሰጠ። እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ እዚህ ተቀመጪ፣ እዚህ ፈርሚ፣ ይሄን ንገሪኝ ካልነው ያው ነው። አንድ ቀን አንዲት በእድሜ ገፋ ያሉ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ፣ እኔ እንደልማዴ ከጠረጴዛው ፊት ያለውን ወንበር ልሰጣቸው ስል ቆም አልኩና እማማ የቱ ጋ ቢቀመጡ ይሻልዎታል አልኳቸው። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩትና ወንበሩን ራሳቸው ጎትተው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። በሩ ይዘጋ ይከፈት ስላቸው ገርበብ ይበል አሉ። ልጁን እግራቸው መሀል አስገቡት። ያኔ ውጪ የቆርቆሮ በሩ ጓ ብሎ ሲዘጋ ልጁን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አርገው ያዙት፣ አይናቸው በሩ ላይ ቀረ። ሌላ ምንም አላልኩም፣ የግቢው በር ነው እማማ፣ ነፋስ ነው፣ ሄጄ አየት ላድርገው? አልኳቸው፣ እሺ አሉ፣ ወጥቼ ድንጋይ አስደግፌበት ተመለስኩ። ከዛ ሻርፓቸውን አስተካክለው እሺ እንግዲህ ጠይቂኝ ልጄ አሉ። ያን ቀን የጠየኳቸው የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ነው፣ ስላለፈው ምንም አልጠየኩም። በሌላ ጊዜ ግን ራሳቸው አወሩኝ፣ በራሳቸው ሰአት፣ ቡና እየጠጣን።

ብዙ ስልጠና ላይ ምን ሆንክ ምን ነካህ አትበሉ፣ ምን ደረሰብህ በሉ ይባላል። ሀሳቡ ትክክል ነው፣ ሰውን ከመውቀስ የደረሰበትን ማሰብ ይሻላል። እኔ ግን በኛ ከተማ በመጀመሪያ ቀን ምን ደረሰብዎት ብላችሁ እንዳትጀምሩ እመክራለሁ። እሱን ጥያቄ ከቀበሌው፣ ከመርማሪው፣ ከጋዜጠኛው፣ ከሌላው ድርጅት ሰምተውት ሰምተውት ሰልችቷቸዋል፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ ተናግረው ምንም አላገኙም። አሁን በጣም የሚያስቸግርዎት ምንድነው ብላችሁ ጀምሩ። መልሱ ብዙ ጊዜ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው፣ የጠፋ መታወቂያ ነው። እሱን አንዱን ስታሟሉ ነው እምነት የሚመጣው።

ፎርሙን በተመለከተ ከቻላችሁ ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ጥያቄ ይሄን ለምንድነው የምንጠይቀው በሉ። እኛ እንዲህ ስናደርግ ለስራው የማያስፈልጉ፣ ለሪፖርት ማሳመሪያ ብቻ የገቡ ጥያቄዎች አገኘን፣ ሰውየው ፊት ምን እንደተፈፀመ፣ ማን እንደሞተ፣ ስንት ሰው እንደነበረ። ሰረዝናቸው። ከለጋሹ ጋር ትንሽ ክርክር ነበረን፣ አለቃችን ግን ስልጠናውን አብራን ስለወሰደች ራሷ ተከራክራ አሳመነቻቸው። እሷ ባትገባ ኖሮ እኛ ተምረን መጥተን እንደድሮው ነበር የምንሰራው፣ ስለዚህ ስልጠና ስትጠሩ ኃላፊያችሁ አብሮ ካልገባ እንዲገባ ወትውቱ። ደግሞ አንድ ሰው ታሪኩን አንዴ ከተናገረ ለሚቀጥለው ሰራተኛ እንደ አዲስ እንዳይደግም በሱ ፈቃድ አጠር አርጋችሁ ፅፋችሁ አስተላልፉ።

እምነት ላይ ደግሞ የወሎ ሰው በተስፋ ብዛት ተጎድቷል። ዱቄት ይመጣል፣ ብር ይገባል፣ ቆርቆሮ ይታደላል ሲባል ኖሯል። የማታውቁትን አታውሩ። እኔ አሁን የምለው እንዲህ ነው፣ ስምዎን መዝግቤያለሁ፣ የሚወስነው ኮሚቴ ነው፣ ሊፀድቅም ላይፀድቅም ይችላል፣ በዚህ ቀን ግን መልሱ ምንም ይሁን ምን እደውልልዎታለሁ። እና መልሱ አልተፈቀደም ቢሆንም እደውላለሁ። ስልኩን መደወል በጣም ይከብዳል፣ ግን አልተፈቀደም ብዬ የነገርኳቸው ሰዎች ናቸው በኋላ ከባዱን ነገር አምነው የነገሩኝ።

አሁን ደህና ነው፣ አልፏል፣ አይዞዎት የምንለው ነገርም አለ። አይዞዎት በሉ፣ አብሽሩ በሉ፣ ይሄ የኛ ወግ ነው፣ ደስ ይላል። አልፏል ግን አትበሉ። በክልላችን ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው ያለነው፣ መንገድ ይዘጋል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ሰው ገና እየፈራ ነው ያለው። ሰውነቱ ትክክለኛ ነገር ነው የሚነግረው። ማለት የሚቻለው የምታውቁትን ነው፣ አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ነን፣ በሩ ላይ ጋሼ አሉ፣ ስንጨርስ እስከ ባጃጅ ድረስ እሸኝዎታለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አንድ ሰው በድንገት ሲደነግጥ ወይ ፍዝዝ ሲልባችሁ አይንህን ጨፍን አትበሉት፣ አይኑን ገልጦ ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸውን ነገሮች ይንገራችሁ፣ እግሩን መሬት ላይ ጫን ያድርግ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በእጁ ይያዝ፣ እናንተም ድምፃችሁን ቀነስ አርጉ። ሳትጠይቁ አትንኩት፣ ትከሻ መንካት ለኛ ፍቅር ነው ግን ለሱ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ስለ ልጆች በተለይ እናቶች የሚሉኝን ልንገራችሁ። ልጄ ትልቅ ሆኖ አልጋ ላይ ይሸናል፣ ጥላኝ እንዳትሄድ ብላ ቀሚሴን አትለቅም፣ ጨዋታው ሁሉ ተኩስ ነው፣ ትምህርት አይገባውም ይላሉ፣ ብዙዎቹም ይገርፉታል። እኔ የምላቸው ልጁ አልባለገም፣ ሰውነቱ ገና ከሽሽቱ አልተመለሰም ነው። በፈረንጆች 1998 ፌሊቲ እና አንዳ የሚባሉ ሀኪሞች ከጓደኞቻቸው ጋር ያወጡት ትልቅ ጥናት አለ፣ በኋላ ተሳታፊዎቹ ከ17 ሺህ በላይ ሆነዋል፣ በልጅነት የደረሰ መከራ ሲደራረብ ካደጉ በኋላ ከልብ በሽታም ከጭንቀትም ከሱስም ጋር እንደሚያያዝ ያሳየ ነው። ይሄን ግን ለእናት እንደወረደ አትንገሩ፣ ልጅሽ ተበላሽቷል ያላችኋት ነው የሚመስላት። ጥናቱ የብዙ ሺህ ሰው አማካይ ነው፣ የአንድን ልጅ እጣ ፈንታ አይናገርም። ለእናት የሚጠቅማት ሌላ ነው፦ የመኝታ ሰአቱ አይለዋወጥ፣ የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ንገሪው፣ ሲሸና አትቆጪው አንሶላውን አብራችሁ ቀይሩ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት፣ አንድ የሚያምነው ትልቅ ሰው አጠገቡ ይኑር። ይሄን የምታደርግ እናት ራሷ እንቅልፍ ካላገኘች አትችለውም፣ ስለዚህ እናትየዋን መደገፍ ልጁን መደገፍ ነው።

የፆታ ጥቃት ነገር ሲነሳባችሁ ደግሞ ይሄን ብቻ በቃላችሁ ያዙ። ሰዓት አለው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድሀኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ነው የሚወሰደው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰራል፣ እሱም በቶሎ ነው የሚሻለው። ይሄን ለተጎጂዋ ንገሯት፣ የምትወስነው ግን ራሷ ነች፣ ፖሊስ ጋ ካልሄድሽ ህክምና የለም ብላችሁ አታስፈራሯት፣ ህክምናው ይቅደም። ጊዜው ያለፈባትም ብትሆን ሀኪም ጋ መሄዷ ዋጋ አለው። ስትነግራችሁ ፊታችሁን ተቆጣጠሩ፣ ዝርዝር አትጠይቁ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም በሏት። ስሟን ደግሞ ለማንም፣ ለማንም። ደሴም ኮምቦልቻም ቢሰፋ ሰው ይተዋወቃል፣ በቡና ላይ ስም ሳይጠራ የተነገረ ታሪክ እንኳን ማታውን ባለቤቱ ጋ ይደርሳል።

ቡናን ካነሳሁ አይቀር፣ መርሆዎቹ ላይ እርስ በርስ መደጋገፍ የሚለው እኛ ጋ ድሮም ያለ ነው፣ ከውጪ ማምጣት አያስፈልግም። ቅሬ አለን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ ቡና ተፈልቶ ዱአ ይደረጋል፣ አዛውንቶች ያስታርቃሉ። የኛ ፕሮጀክት መጀመሪያ ላይ የእናቶች ድጋፍ ቡድን ብሎ አዳራሽ ተከራይቶ ሰው ጠፋ፣ በኋላ በየሰፈሩ እነሱ ራሳቸው በሚያፈሉት ቡና ላይ ስንሆን ሞላ። እኛ ቡናውን ገዛን፣ የሚወራውን የመረጡት እነሱ ናቸው፣ አንዳንድ ቀን ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ አውርተው ይበተናሉ፣ እሱም ጥሩ ነው። ከቅሬ ሰብሳቢዎች ጋር ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እዚህ የተወራ እዚሁ ይቅር የሚለውን እነሱ ሲናገሩት ነው የሚከበረው።

ፀበልና ዱአን በተመለከተ አትከራከሩ። አንዳንድ የሰለጠነ ሰው ሰውየውን ከፀበል አስወጥቶ ሆስፒታል ማስገባት ስራው ይመስለዋል። የሚያፅናናውን ነገር ስትነጥቁት እናንተንም ነው የሚተዋችሁ። ሁለቱም አብሮ ይሄዳል፣ መድሀኒት የጀመረ ሰው ግን በፀበል ምክንያት እንዳያቋርጥ ከቄሱም ከሼሁም ጋር ሆናችሁ ንገሩት፣ ብዙዎቹ አባቶች ይረዳሉ፣ ወደኛ ሰው የሚልኩ ሼህም ቄስም አሉ። ወደ ሀኪም የሚላከው ማን ነው ካላችሁ፣ ቅዠቱና ድንጋጤው ከ1 ወር በላይ ቆይቶ ስራውን፣ ምግቡን፣ ልጆቹን ያስረሳው ሰው፣ ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው። ራሴን ላጥፋ የሚል ካለ ነገ አትበሉ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ያኑ ቀን ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ፣ ወረቀት ሰጥታችሁ ብቻ አትላኩ፣ የመጀመሪያውን ቀን አብሮ መሄድ ከብዙ ምክር ይበልጣል፣ ካርድ ክፍሉ ጋ ተስፋ ቆርጦ የሚመለስ ብዙ ነው።

አሁን ስለ እናንተ ስለ ራሳችሁ። የሰው መከራ ሲሰሙ መዋል በሰውነት ይገባል፣ ጠንካራ መሆን አያድነውም። እኔ ምልክቱን ያወኩት ዘግይቼ ነው፣ የሰው ታሪክ እየሰማሁ ምንም ያልተሰማኝ ቀን ነው የፈራሁት፣ ከዛ በፊት ግን እንቅልፉም ቁጣውም ነበረ። ሁለተኛዋ አሰልጣኝ ይሄን ለመጨረሻ ሰአት አላቆየችውም፣ ግማሹ ስልጠና ስለኛ ነበር። ያገዙኝን ልንገራችሁ። ከባድ ኬዝ በተከታታይ አልይዝም፣ ከአንዱ ከባድ በኋላ ቀለል ያለ ስራ አደርጋለሁ፣ አለቃችን ሰሌዳውን እንደዛ አስተካከለችው። በየሁለት ሳምንቱ ሀሙስ ከሰአት ሰራተኞቹ ብቻ እንሰበሰባለን፣ ሪፖርት የለም፣ የከበደንን እናወራለን፣ ማውራት ያልፈለገ ያዳምጣል። ወደ ደሴ ስመለስ መኪና ውስጥ ስልክ አላነሳም፣ ሐረጎን እስክንወጣ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጪ አያለሁ፣ ቤት የምገባው ስራውን እዛ ጥዬ ነው። ሲብስብኝ ደግሞ እኔም ባለሙያ ጋ ሄጃለሁ፣ ማንም ስራዬን አልነጠቀኝም። ያቺ በመጀመሪያው ስልጠና የተንቀጠቀጠችው ባልደረባዬም አሁን አብራኝ ነች፣ ሀሙስ ሀሙስ ወንበሩን በክብ የምትደረድረው እሷ ነች፣ አንዱን ወንበር ሁሌም በሩ አጠገብ ታደርገዋለች፣ መውጣት ለፈለገ።

ስልጠና ስትጠሩ እንግዲህ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የራሳችንን ታሪክ እንድናወራ ትጠይቁናላችሁ ወይ? አዎ ካሉ አልፈልግም የማለት መብት እንዳላችሁ እወቁ፣ አበሉ ቢቀርም ይቅር። ስንት ቀን ነው? የአንድ ቀን ከሆነ መግቢያ ነው እንጂ ስልጠና አይደለም፣ በኋላ ተመልሶ የሚያያችሁ ሰው አለ ወይ በሉ። ሮል ፕሌይ፣ ማለትም እንደ ድራማ እየተጫወቱ መለማመድ፣ ካለ በምን ታሪክ ነው? የኛ አሰልጣኝ የተጠቀመችው ፈጠራ ታሪክ ነበር፣ ግን ቦታው የኛው ነው፣ ሰኞ ገበያ የምትሸጥ እናት፣ ፋብሪካ የሚሰራ አባት፣ እና ማንኛችንም እውነተኛ ቁስላችንን ሳናወጣ ተለማመድን። ባለሙያ አብሮ አለ ወይ፣ አንድ ሰው ቢታመም ማን ይዞት ይወጣል? ጥበቃውና መዝጋቢዋ ተጠርተዋል ወይ? ካልተጠሩ ለኃላፊያችሁ ንገሩ። ቦታ የለም ካሏችሁ ደግሞ ስትመለሱ አንድ ከሰአት ወስዳችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው፣ እኛ አዲስ ሰራተኛ በመጣ ቁጥር የምናደርገው እንደዛ ነው፣ ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ወንበሩ ድረስ እንደ ባለጉዳይ እናስገባውና ያየውን እንጠይቀዋለን።